የትምህርት ቤቱ ዓርማና ግማሽ ላጲስ

ጋሼ ላጲስ በዚያ ቀን ከቤታቸው የወጡት ለአንድ የኮት ቁልፍ ነበር። ከሦስቱ ቁልፎች የመካከለኛው ክሩ ላልቶ እጃቸው ላይ ቀረ፤ እርሳቸውም በመሐረብ ጠቅልለው ወደ ጥልፍ ቤቱ አመሩ። አንድ ቁልፍ ሊያስተክል የወጣ ሰው ከአርባ ዓመት ሥራው ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሥዕል ባስተማሩባቸው ሠላሳ ሰባት ዓመታት፣ አዲስ ተማሪ ወደ ክፍላቸው ሲገባ ከእርሳስ አስቀድመው የሚሰጡት ግማሽ ላጲስ ነበርና ስሙ ከዚያ ወጣላቸው። አንዱን ላጲስ በምላጭ ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን በልጁ መዳፍ ላይ ያኖሩና፣ «መሥመር ማንም ያሰምራል። የማያስፈልገውን መሥመር ለይቶ የሚያጠፋው ነው ሠዓሊ» ይሉ ነበር። ጡረታ ከወጡ እነሆ ስድስት ዓመት። ኪሳቸው ግን ዛሬም ላጲስ አያጣም።

ጥልፍ ቤቱ ከመንገዱ በሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። በአንደኛው ግድግዳ የክር ጥቅሎች እንደ ቀለማቸው ተሰልፈዋል፤ በሌላው የሠራተኛ ቱታ፣ የነርስ ካፖርት፣ የተማሪ ሹራብ ተሰቅለው ተራ ይጠብቃሉ። መስኮቱ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን እግር ብቻ ነው። ባለቤቲቱ ሜትሯን እንደ ሐብል በአንገቷ አጥልቃ፣ አራት እስፒሎች በከንፈሯ ይዛ ከመኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣች የጋሼ ላጲስ ተማሪ ናት፤ እርሳቸውም ያኔ ያወጡላትን ስም እስከ ዛሬ አልቀየሩም።

«ደህና ዋልሽ፣ አርፋጅ?»

እስፒሎቹን ወደ መዳፏ መለሰቻቸው። «ጋሼ! ደህና ዋሉ! እኔ የምለው፣ ልጅ ለኮሌጅ አድርሼ እንኳ ይሄን ስም አይተዉልኝም?»

«ደወል ሳይቀድምሽ የደረስሽበትን አንድ ቀን ጥቀሺልኝና ዛሬውኑ እተወዋለሁ።»

«አሁን ይሄ ፍርድ ነው?» እያለች ሣቀችና ኮታቸውን ተቀበለች።

«ለመሆኑ ልጅቱ ኮሌጁን እንዴት ያዘችው?»

«ደህና ናት» አለችና ቶሎ ብላ ወደ ቁልፉ አጎነበሰች። እስፒሎቹንም መልሳ በከንፈሯ ያዘች፤ ሌላ ጥያቄ እንዳይመጣ በር የምትዘጋ ትመስል ነበር።

በመስኮቱ ሥር ሌላ ደንበኛ ነበረች። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ በተማሪ ሹራብ ደረት ላይ የሚሰፋውን የትምህርት ቤት ዓርማ በአጉሊ መነጽር ትመረምራለች። ማን እንደ ገባም አላየች።

«እትዬ» አለች ቀና ሳትል፣ «ይቺ ከሉሉ አናት ላይ ያለችው ንስር ናት ወይስ ዶሮ?»

ባለ መርፌዋ የቤቱ ባለቤት ከንፈሯ እስፒል ይዟልና ቃል አልወጣትም። በዓይኗ ጠቀሰች፤ በጫማዋ ወለሉን መታች። ወጣቷ አልገባትም።

«ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉት ሰምተዋል? ‹የተደፈጠጠ ሸረሪት!› ሲሉ እኔም እስቅ ነበር። አሁን በመነጽር ሳየው ግን ሸረሪቱን ነው የበደልነው።»

ባለ መርፌዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ንስር ናት፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ላጲስ። «በእያንዳንዱ ክንፏ ሠላሳ አንድ ላባ አለ። አንድ በአንድ የሣልኳቸው እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን አልረሳውም።»

ወጣቷ ዘወር ብላ እርሳሷን እንደ ጨበጠች ተነሥታ ቆመች። ፊቷ በድንጋጤ ቀልቷል። ሽማግሌው ግን ከፊቷ አስቀድመው ያዩት እጇን ነበር።

«ግራኟ!»

ከሃያ ዓመት በፊት፣ በግራ እጇ ስለምትጽፍ እጇን ከወንበር ጋር ሊያስሩባት ከተነሡ መምህር ያስጣሏት እርሳቸው ነበሩ። «ይህ እጅ የሚሣል ነገር አለው፤ ይፈታ» ብለው።

«ጋሼ ላጲስ! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ አለች።

በትከሻዋ ያዝ አድርገው አነሷት። «ተያት፣ መሬት ሥራ አለባት። እኔ መሆኔን ብታውቂ እውነቱን አትነግሪኝም ነበር። ተቀመጪ። ከመቼ ወዲህ ነው የሸረሪት ሐኪም የሆንሽው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በመጪው ዓመት ኮሌጅም ጨምሮ ሊከፈት ተወስኗል፤ የአስተዳደር ኮሚቴውም አዲሱን ዓርማ እንድትነድፍ ይህችን የቀድሞ ተማሪ መርጧል። በመተዳደሪያ ደንቡ ግን አንድ አንቀጽ አለ፤ የዓርማው ሠሪ በሕይወት እስካለ ድረስ ያለ እርሱ ፊርማ አንዲት መሥመር አትነካም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ጠዋት ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

«የፈቃድ ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሳምንት አደረ» አለች ወጣቷ። «በየቀኑ ደጅዎ ድረስ እመጣለሁ፤ በሩን አያለሁ፤ እመለሳለሁ።»

«ውሻ የለኝም እኮ።»

«ውለታዎ አለብኝ፣ ጋሼ። እሱ ከውሻ ይብሳል።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ። «ብታንኳኪም መልሴ አጭር ነበር፤ አልፈርምም።»

አንባቢ እኒህን ሰው ግትር ናቸው ብሎ ለመፍረድ እንዳይቸኩል የዓርማውን ታሪክ መስማት ይገባዋል። ከመጀመሪያው ዳይሬክተር በኋላ ስምንት ዳይሬክተሮች በዚያ ትምህርት ቤት አልፈዋል። አዲስ የተሾመው ሁሉ የቀድሞውን ላለማስቀየም ከዓርማው አንዳች አያነሣም፤ የራሱን ትጋት ለማሳየት ግን አንድ ነገር፣ ደፋር ከሆነም ሁለት ይጨምራል። ሁሉም ወደ ጋሼ ላጲስ ቤት መጥተው፣ «ግሩም ዓርማ ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ» ብለዋል። በዚህ ዓይነት በአራት ጣት ጨርቅ ላይ ማርሹ፣ መጽሐፉ፣ ችቦው፣ ሉሉ፣ ስንዴው፣ ንስሯ፣ ብዕሩ፣ ፀሐይዋ፣ የተጨባበጡት እጆች፣ ማይክሮስኮፑና መፈክር የተጻፈበት ጥብጣብ፣ ባጠቃላይ አሥራ አንድ ነገሮች ሰፍረው ይኖራሉ።

«ምክንያትዎን ብሰማ ደስ ይለኛል፣ ጋሼ።»

«ስሚ እንግዲያ። ችቦው መብራት ባልነበረበት ዘመን የማታ ትምህርት ያስጀመሩት ዳይሬክተር ናቸው። ስንዴው በድርቁ ዓመት ልጆቹን ምሳ እያበሉ ከትምህርት እንዳይቀሩ ያደረጉት ናቸው። የተጨባበጡት እጆች የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች በድንጋይ ሲፈነካከቱ መሐላቸው ገብተው ያስታረቁት ናቸው። አንዷን ባጠፋሽ ቁጥር አንድ ሰው ታጠፊያለሽ። ዓርማ ታሪክ ነው፤ በሳምንት በሳምንት የሚቀየር የሱቅ ማስታወቂያ አይደለም።»

«ታሪክነቱን መቼ ካድኩ? ግን ታሪክን መጽሐፍ ይሸከመው፤ መጽሐፍ ጀርባ አለው። በዚህች ጨርቅ ላይ ስምንት ዳይሬክተር ተደራርቦ ቆሞ እሷ እንዴት ትተንፍስ? ‹ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት› ይባል የለ? ይሄ ዓርማ ገበያ ወጥቶ ሁሉን ተሸክሞ የተመለሰ ነው። ደግሞ ልንገርዎ፤ ባለፈው ወር የሃያ ስድስት ትምህርት ቤት ዓርማ ሰብስቤ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። ሃያ አንዱ ችቦ አላቸው፤ አሥራ ዘጠኙ መጽሐፍ። ስማቸውን ብሸፍነው የተማርኩበትን ቤት ከሌላው መለየት አቃተኝ።»

«የጋራ ቢሆንስ ምን ነውር አለው? ሰው ሁሉ ሁለት ዓይን አለው። ሁለት ዓይን ስላለሽ አንቺን የሚለይሽ ጠፋ?»

«ቅድም እርስዎ የለዩኝ በዓይኔ አይደለም፣ ጋሼ። በግራ እጄ ነው።»

ጋሼ ላጲስ ጉልበታቸውን መታ አድርገው ሣቁ። «ጥሩ አድርገሽ መታሽኝ። ተሸነፍኩ ግን አልልም። እስኪ ያንቺን አሳዪኝ።»

ወጣቷ ከቦርሳዋ ጠንካራ ወረቀት አወጣች። ከግራ ወደ ቀኝ እየተነሡ የሚሄዱ ሦስት ሰማያዊ ሞገዶች ነበሩ፤ ከሥራቸው የትምህርት ቤቱ ስም። ሽማግሌው መነጽራቸውን ጠርገው ብዙ ቆዩበት።

«ንጹሕ ነው።»

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ።»

«ለምስጋና አትቸኩዪ። ንጹሕ ያልኩት እንደ ሳሙና ነው።»

ባለ መርፌዋ ከመኪናዋ ኋላ ሣቋ አመለጣት፤ ሳል አስመሰለችው።

«እንዴት ማለት?»

«ይሄን ሞገድ በውኃ ድርጅት በር ላይ ብሰቅለው ይሆናል። በባንክ በር ይሆናል። በጥርስ ሐኪም በርም ይሆናል፣ ‹አፍዎን ይጉመጥመጡ› የሚል ይመስላል። ትምህርት ቤታችን አጠገብ ወንዝ ነበር? ሐይቅ ነበር? የዚያ ቤት ነገር የታለ? የእኔዋ ሸረሪት ብዙ አወራች እንበል። ያንቺዋ ደግሞ ምንም አላለች። አንዷ ለፍላፊ፣ አንዷ ዲዳ። ከሁለቱ ምረጥ ካሉኝ ለፍላፊዋ ትሻለኛለች፤ ቢያንስ የሰፈሩን ሰው ታውቃለች።»

ወጣቷ ወረቀቷን ወደ ብርሃኑ አዙራ ተመለከተችው።

«ሦስት ወር ደክሜባት ነበር» አለች። «ልክ ነዎት። ዘመናዊ መምሰል ስፈልግ ትምህርት ቤቱን መምሰል ረሳሁ።»

ተምሯል የሚባል ሰው መታወቂያው ይህ ነው። ዲፕሎማ ከግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ «ተሳስቻለሁ» የምትለው ቃል ግን ከሰውዬው ጋር ትዞራለች፤ በተፈለገችበት ሰዓትም ትገኛለች።

ጋሼ ላጲስ ቁልፉ የተተከለለትን ኮታቸውን ለበሱ። ድል ያደረገ ሰው ፊት ግን አልነበራቸውም።

«እንግዲያው አሮጌው ይቆይ» አሉ። ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ። «ልንገርሽ እንጂ፣ ከአንቺ ምን እደብቃለሁ? በሕይወቴ ሦስት መቶ ያህል ሥዕል ሥያለሁ። በየሰው ሳሎን፣ በየሰው ቆጥ ተበታትነዋል፤ ግማሾቹን አይጥ ሳይበላቸው አልቀረም። በየቀኑ ከሺህ ልጅ ደረት ላይ የሚውለው ይሄ አንዱ ብቻ ነው። እሱን ስትፍቂው እኔን ነው የምትፍቂኝ። ለዚህ ነው የማልፈርመው። ታሪክ ምናምን ያልኩት እውነት ነው፤ ዋናው ግን ይሄ ነው።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ባለ መርፌዋ። መሳቢያዋን ከፍታ ፖስታ አወጣች። በውስጡ የልጇ የትምህርት ማስረጃ ነበር፤ ከሥሩም የጋሼ ላጲስ ዓርማ በሳንቲም መጠን በማኅተም ተመቷል። አሥራ አንዱ ነገሮች በቀለም ተለውሰው አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነዋል። ከማስረጃው ጋር የነርስ ኮሌጁ ደብዳቤ ተያይዟል፤ «ማኅተሙ ሊነበብ ባለመቻሉ የማስረጃውን ትክክለኛነት ማረጋገጥ አልቻልንም» ይላል።

«ሦስት ጊዜ ዳይሬክተሩ ጋ ተመላለስኩ። የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎ እስኪደርስ ምዝገባው ተዘጋ። ልጅቱ እስከ መጪው ዓመት ምዝገባ ቤት ቀረች። እኔም ያንኑ ዓርማ እየጠለፍኩ ነው የምውለው።»

ጋሼ ላጲስ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«መቼ ነው ይሄ የሆነው?»

«አምስት ወሩ ነው።»

«አምስት ወር ሙሉ በየሳምንቱ በደጅሽ አልፋለሁ። ልጅቱ እንዴት ናት እያልኩ እጠይቅሻለሁ። ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምን ብዬ? እጄን ይዘው ያስተማሩኝን ሰው፣ ‹ሥራዎ ልጄን አስቀረብኝ› ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«እሱንም ይሉኝታ ያዘው።»

«ልጆቹስ?»

«እነሱ ሸረሪት ይሉታል። እርስዎ ሲያልፉ ዝም ይላሉ፤ በደንብ ያሳደግናቸው ልጆች ናቸው።»

ይሉኝታ መልካም ልብስ ነው፤ የሰውን ገመና ይሸፍናል። ከቁስል ላይ አብዝቶ ሲታሰር ግን ቁስሉ አየር አጥቶ ያመረቅዛል። ወዳጅ ያስለቅሳል የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ በጊዜው የታፈነ እንባ በሌላ ሰው ቤት ይፈስሳልና።

ሽማግሌው ማስረጃውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ አራቁት። ስድሳ ሁለቱን ላባዎች ፈለጉ። አንዱንም አላገኙም።

«እናንተን አልወቅስም» አሉ በመጨረሻ። «ከሁላችሁ የከፋው የእኔ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ላጲስ እሰጣለሁ፤ ዳይሬክተሮቹ ‹አንዲት ነገር ብቻ› እያሉ ሲመጡ ግን ብዕሬን ይዤ እነሣለሁ። ለእነሱ የሚሆን ላጲስ አልነበረኝም። እኔንም ይሉኝታ ይዞኝ ነው።» ወደ ወጣቷ ዞሩ። «አሮጌውን ስታጠኚ የገለበጥሽበት ወረቀት አለሽ?»

«አለኝ። በትልቁ።»

«በእርሳስ ነው?»

«ሌላ በምን ይሆናል፣ ጋሼ? የማን ተማሪ ነኝ?»

ከኪሳቸው ላጲሳቸውን አወጡ፤ ከባለ መርፌዋ ምላጭ ተዋሱ፤ ለሁለት ከፈሉት። እኩሌታውን በወጣቷ ግራ መዳፍ ላይ አኖሩ። ሠላሳ ዓመት የሆናት ሴት ያንን ቁራጭ ስትቀበል ፊቷ የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

ባለ መርፌዋ ጥቁር ክር አልቆባት ነበርና ወደ ማዶው ሱቅ ወጣች። ሁለቱ ወረቀቱን በመስኮቱ ሥር ዘርግተው ከሁለት ወገን ጀመሩ። መፈክሩ ሄደ፤ ከመፈክሩ ጋር ጥብጣቡ። ማይክሮስኮፑ ሄደ። «ይሄ ቤተ ሙከራ ሳይኖረን የተሣለ ነው፤ ለተስፋ ነበር» አሉ ሽማግሌው። ፀሐይዋ ጠለቀች። የተጨባበጡት እጆች ተላቀቁ። ብዕሩ፣ ስንዴው፣ ሉሉ፣ ችቦው፣ መጽሐፉ እያሉ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ተመለሱ። በእያንዳንዱ ላይ ጋሼ ላጲስ ያስጨመሩትን ዳይሬክተር ሥራ እየተናገሩ፣ ወጣቷም በሌላ ወረቀት ጥግ እየጻፈች ነበር የሚያጠፉት። ንስሯን ለማንም አልተዉም። ራሳቸው ጀምረው ራሳቸው ጨረሱ፤ የላጲሱን ፍርፋሪም እፍ ብለው በመዳፋቸው ሰበሰቡት።

ማርሹ ቀረ። ወጣቷ ላጲሷን ልታሳርፍበት እጇን ዘረጋች።

«ይሄም የኢንዱስትሪ ምልክት ነው አይደል?»

«ቆይ!» እጇን ያዙት። «ማርሽ አይደለም እኮ እሱ።»

«ጥርስ አለው፣ ጋሼ።»

«ጥርሱ በኋላ የበቀለ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የእህል መጋዘን ውስጥ ነበርን። ደወል የለንም። እኔና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ከመንገድ ዳር የተጣለ የጭነት መኪና ቸርኬ፣ ጎማው የወለቀለት ብረት፣ አገኘን። እያንከባለልን አመጣነው፤ በገመድ ሰቅለን በብረት ስንመታው እስከ ታች ሰፈር ተሰማ። የመጀመሪያው ዓርማ እሱ ብቻ ነበር። ኋላ አምስተኛው ዳይሬክተር የፋብሪካ እንግዶች ሊመጡ ነው ብለው፣ ‹ጋሼ፣ እባክዎ ጥርስ ያብቅሉለት› አሉኝ። አበቀልኩለት።»

«ያ ዛሬም የሚመታው ደወል?»

«ያው ነው።»

«አሥራ ሁለት ዓመት በእሱ ተነሥቼ በእሱ ተቀምጬ፣ ደረቴ ላይም ይዤው ዞሬ፣ አላወቅኩትም!»

«በምን ታውቂው? ሸፍኜው እኮ ነው።»

አሥራ ስድስቱን ጥርሶች አንድ በአንድ ነቀሏቸው፤ የጥርስ ሐኪሙ ቀልድ በራሳቸው ደረሰ። በወረቀቱ ላይ የቀረው አንድ ክብ፣ በመካከሉ ትልቅ ቀዳዳ፣ ዙሪያውን አምስት ትንንሽ ቀዳዳዎች፣ ከላይ የታሰረበት ገመድ ነው። ሌላ የለም። ወጣቷ የሞገዶቿን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የክቡን መሥመር ብቻ ትንሽ አወፈረች፤ በትንሽ ማኅተምም ቢሆን እንዳይጠፋ።

ያን ጊዜ ባለ መርፌዋ ክሯን ይዛ ከደረጃው ወረደች። ማንም ምንም አላላትም። ከበሩ ሆና በወረቀቱ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ ክሩ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ።

«ውይ ደወሉ! ይሄን ጠላቴን ደግሞ ማን አመጣብኝ?»

ጋሼ ላጲስ ወጣቷን ተመለከቱ። ወጣቷም እርሳቸውን።

«ከበሩ ሆና ነው» አሉ በቀስታ። «ማንም ሳይነግራት።»

የፈቃድ ወረቀቱን ራሳቸው ጠየቁ። ከመፈረማቸው በፊት ግን ከሥሩ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ የስምንቱ ዳይሬክተሮች ሥራ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ተሰጥቶት በመጽሐፍ ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲቀመጥ፣ ከእንግዲህም በዓርማው ላይ ማንም አንዳች እንዳይጨምር።

ሐሙስ ጠዋት ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ከረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ነበር። ባለ መርፌዋ የመጀመሪያዋን ዓርማ ሁለት ቀን እየፈታች መልሳ ስትጠልፋት ሰንብታ፣ በመሐረብ ጠቅልላ፣ እያለከለከች ገባች። አሮጌውን ለመጥለፍ ሰባት ዓይነት ክርና አርባ ደቂቃ ያስፈልጋት ነበር፤ ይህችኛዋ አንድ ክርና ስድስት ደቂቃ በቂዋ ነው። ዓርማዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ቆዩና፣ «መልካም ነው፤ ግን ይህ ክብ ነገር ምንን…» ሲሉ፣ ከውጭ ደወሉ ተመታ።

ሰባቱም አባላት ወደ መስኮቱ፣ ከዚያ ወደ ዓርማዋ ተመለከቱ። ሰብሳቢው ጥያቄያቸውን አልጨረሱትም።

ከጥጉ ግን አንዲት ሴት ራሷን መግታት አልቻለችም። «ጋሼ! ቀደምኩት! ዛሬ ደወሉን ቀደምኩት!»

«አንድ ቀን ነው» አሉ ጋሼ ላጲስ። «ቃል ግን ቃል ነው።» ከዚያን ቀን ወዲህ አርፋጅ ብለዋት አያውቁም፤ ስሙ አንዳንዴ ከአፋቸው ጫፍ ደርሶ ይመለሳል እንጂ።

የለውጡ ጥቅም ብዙ ሳይቆይ ታየ። አዲሱ ማኅተም በሳንቲም መጠን ተመትቶ ከክንድ ርቀት ይነበባል። የባለ መርፌዋ ልጅ ማስረጃ እንደገና ታትሞ ሲላክ ማንም አልመለሰውም፤ ዛሬ ነጭ ካፖርቷ ላይ ስሟን የጠለፈችው እናቷ ናት። የትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ሲከፈት በበሩ ላይ የተሰቀለውን ምልክት ያየ የሰፈር ሰው ሁሉ የማን ቤት እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ዐወቀ። የአንደኛ ክፍል ልጆችም ክቡንና አምስቱን ቀዳዳዎች በጠመኔ በየአጥሩ ይሥሉታል፤ ሸረሪት የሚሥል የለም። ሽማግሌው እጠፋለሁ ብለው ፈርተው ነበር፤ አሁን ሥራቸው በሺህ ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን በሺህ እጅ ውስጥ ነው። ወጣቷም አዲስ ሥራ ሲሰጣት አስቀድማ የምትጠይቀው አሮጌው ሥር ምን እንዳለ ሆኗል፤ ሳያዩ መጨመር ስሕተት እንደ ሆነ ሁሉ ሳያዩ መጣልም ስሕተት ነውና።

በሁለተኛው ዓመት ትምህርት ቤቱ አዲስ ዳይሬክተር ተሾመለት። ትሑትና ትጉህ ሰው ነው። በሳምንቱ የጋሼ ላጲስን በር አንኳኳ፤ ጤናቸውን ጠየቀ፤ ስለ ዓርማው ውበት ብዙ ተናገረ።

«አንዲት ነገር ብቻ፣ ጋሼ» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘመኑ ያው እንደሚያውቁት ነው። እዚህች ጥግ ላይ፣ ትንሽ ኮምፒውተር…»

ጋሼ ላጲስ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጡት። ከዚያ ከኪሳቸው ላጲስ አወጡ፤ ምላጭ አስመጡ፤ ለሁለት ከፍለው እኩሌታውን በመዳፉ ላይ አኖሩለት።

ዳይሬክተሩ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ቁራጩን አየ፤ ሣቀ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ዳግመኛ አላነሣም።